ስቲከሩ አለ፣ ቁጥሩ የለም፦ ለካሊብሬሽን የምንከፍለው ለምንድን ነው?

ዱከም_ጥገና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ዱከም አካባቢ ባለ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ። አራት ፍሉክ 87-5 መልቲሜትር፣ ሁለት ክላምፕ ሜትር፣ አንድ ሜገር (የኢንሱሌሽን መፈተሻ) እና አንድ የቆየ ኤችፒ 34401ኤ የጠረጴዛ ሜትር አለን። አይኤስኦ 9001 (የጥራት አመራር ደረጃ) ስላለን በየዓመቱ ካሊብሬት እናስደርጋለን፣ ማለትም ልካቸውን እናስፈትሻለን። ዘንድሮ ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበ። ትልቁ ዋጋ የትንሹ አራት እጥፍ ነበር። እንደተለመደው ትንሹ አሸነፈ።

ዕቃዎቹ በማግስቱ ተመለሱ። ሁሉም ላይ አረንጓዴ ስቲከር ተለጥፏል። ሰርተፍኬቱ አንድ ገጽ ነው። የዕቃው ስም፣ ሲሪያል ቁጥር፣ ማህተም። ከዚያ «ዲሲ ቮልቴጅ አልፏል፣ ኤሲ ቮልቴጅ አልፏል፣ ሬዚስታንስ አልፏል፣ ከረንት እስከ 10 አምፔር አልፏል» ይላል። የተለካ ቁጥር አንድም የለበትም።

ባለፈው ዓርብ አንዱ ልጅ በአንደኛው 87 ከረንት ሊለካ ገባ። ዜሮ። ከፍተን ስናየው የ11 አምፔሩ ፊውዝ ተቃጥሏል። አሁን ነው የተቃጠለው ብዬ ልቆጣ ስል ልጁ መዝገቡን አመጣልኝ። ዕቃው ወደ ካሊብሬሽን ከመሄዱ ከሦስት ሳምንት በፊት «ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ግዢ ተጠይቋል» ብሎ በእጁ ጽፏል። ፊውዙ ተቃጥሎ ሄደ፣ ተቃጥሎ ተመለሰ። በመሀል 10 አምፔር «አለፈ»።

የፊውዙስ ዕዳው ገብስ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ሜገሩ ነው። እሱም በዚያው ቀን፣ በዚያው ማህተም ነው ያለፈው። በዚያ ሜገር «ኢንሱሌሽኑ ደህና ነው» ብዬ የፈረምኩበት ሞተር አጠገብ ሰው ይቆማል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ውድ የሆነው ላብ (ላቦራቶሪ) በእርግጥ የተሻለ ነው ወይስ ውድ ብቻ ነው? ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ከመክፈሌ በፊት እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

---

የመርካቶ_ሶልደር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ ያንን መዝገብ ፎቶ አንሳውና አስቀምጠው። ከሰርተፍኬቱ በላይ ዋጋ አለው።

ለወደፊቱ ፊውዝ ሳትከፍት ማየት ትችላለህ። 87 ላይ ኦህም ላይ አድርገህ ከቮልት ቀዳዳ የወጣውን ገመድ በራሱ አምፔር ቀዳዳ ውስጥ ሰካው። ከግማሽ ኦህም በታች ካነበበ የ11 አምፔሩ ደህና ነው። ሚሊአምፔሩ ቀዳዳ ላይ ደግሞ 1 ኪሎኦህም አካባቢ ማንበብ አለበት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዕቃ ከመላክህ በፊትም፣ ሲመለስም አድርገው።

እኔ ስልክና ኢንቨርተር ነው የምጠግነው። ካሊብሬሽን የሚባል ነገር አላስደርግም። ኤዲ584 የሚባለውን ትንሽ የቮልቴጅ ሪፈረንስ ቦርድ አስመጥቼ በየወሩ ሜትሬን በሱ አያለሁ። 10 ቮልት ይሰጣል፣ ሜትሬ 10.00 ይላል፣ በቃ። ለናንተም ይበቃ ነበር ብዬ አስባለሁ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ቤንች | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡50

ሰላም ጓዶች። እዚህ ሜሪላንድ አንድ የካሊብሬሽን ላብ ውስጥ ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ይህን ሳነብ ሆዴ ተቃጠለ። ስለዚህ ረጅም እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ካሊብሬሽን ማለት ማስተካከል አይደለም። ዕቃህ የሚያነበውን ከታወቀ ልክ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መጻፍ ነው። ጽሑፉ ነው ሥራው። ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከተፈለገ ይመጣል። ስለዚህ ቁጥር የሌለበት ወረቀት ከተሰጠህ የከፈልክበትን ነገር አልተቀበልክም። ደረሰኝ ነው የተሰጠህ።

አሁን ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። እኛ መልቲሜትር የምንለካበት ዕቃ ፍሉክ 5522ኤ ይባላል። እስከ 1020 ቮልትና እስከ 20.5 አምፔር ያወጣል። አዲሱ በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው የሚሸጠው። ያም ራሱ በየጊዜው ከሱ ወደሚበልጥ ላብ ይላካል፣ ይከፈልበታል። ያኛውም ላብ ከሱ ከሚበልጥ ጋር ይተያያል። ሰንሰለቱ እንዲህ እያለ ቮልትን ከጆሴፍሰን ውጤት (ከተፈጥሮ ሕግ የሚገኝ ቋሚ ልክ) እስከሚያመነጩት ብሔራዊ ተቋማት ድረስ ይሄዳል። አንዱ ቀለበት ከተቆረጠ ከታች ያለው ሁሉ ግምት ነው።

ከዚያ ጊዜ አለ። ዕቃህ ሲደርስ ወዲያው አይለካም። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቀመጣል። የ87-5 ትክክለኛነት የተጻፈው ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ላለ ሙቀት ነው። ከመኪና ሻንጣ የወጣ ሜትር እዚያ ውስጥ ላይሆን ይችላል። ከዚያ በየሬንጁ፣ በየፍሪኩዌንሲው ነጥብ በነጥብ ይለካል። ስምንት ዕቃ በአንድ ቀን ጨርሶ መመለስ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ማሽኑ በኮምፒውተር የሚነዳ ከሆነና ሠራተኛ ካለ ይቻላል። ግን ያን የሚችል ላብ ቁጥሩን ለመስጠት አይቸገርም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ያትመዋል።

እዚህ አሜሪካ ለአንድ የእጅ መልቲሜትር ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር ወዲህና ወዲያ ነው። ግን በአንድ ስም የሚሸጡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስቲከርና «አልፏል» ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁጥሮቹን ይሰጥሃል። ሦስተኛው ቁጥሮቹን ከነአንሰርተንቲያቸው፣ በአይኤስኦ 17025 (የላቦች ብቃት ደረጃ) አክሪዲቴሽን፣ ማለትም በብቃት ዕውቅና ስር ይሰጥሃል። ግዢ ክፍላችሁ ሦስት ፕሮፎርማ ሲያወዳድር ምናልባት ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ነው ያወዳደረው። አራት እጥፉ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ውድ ስለሆነ ብቻ ግን አትመነው። ውድ ሆነው ስቲከር የሚሸጡም አሉ።

አንሰርተንቲ ለማታውቁት፦ ላቡ ራሱ ስንት ሊሳሳት እንደሚችል የሚነግርህ ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ «ኬ እኩል 2» ተብሎ ይጻፋል፣ 95 ከመቶ አካባቢ እርግጠኛ ነኝ ማለት ነው። ራሱን ስንት ሊሳሳት እንደሚችል የማይናገር ላብ ስለ አንተ ዕቃ ምን ሊነግርህ ይችላል?

ከሁሉ በላይ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ዕቃው ሲመጣ የነበረው ቁጥርና ከተስተካከለ በኋላ የነበረው ቁጥር ሁለቱም ይሰጡህ። ሰው የሚፈልገው የኋለኛውን ነው። ዋናው ግን የመጀመሪያው ነው። ሜገርህ ሲመጣ ተበላሽቶ ከነበረ ባለፈው ዓመት የለካኸው ሞተር ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የያዝከው አይኤስኦ 9001 ራሱ፣ አንቀጽ 7.1.5.2 ላይ፣ ዕቃው ተሳስቶ ከተገኘ የቀደሙትን ልኬቶች መለስ ብለህ እንድታይ ያዛል። ቁጥር ከሌለህ ምኑን ታያለህ?

---

የመርካቶ_ሶልደር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። ታዲያ የኔ ኤዲ584ስ? ቦርዱ ላይ እኮ የተለካው ቮልቴጅ በእጅ ተጽፎ ተለጥፎበታል። 10.003 ይላል።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ቤንች | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በቁጥር እንየው።

87-5 ዲሲ ላይ እስከ የንባቡ 0.05 ከመቶ ሲደመር 1 ዲጂት (በመጨረሻው አሃዝ 1) ሊሳሳት ይችላል። 10 ቮልት ላይ ሬንጁ 60.00 ነው። 0.005 ሲደመር 0.01፣ ማለትም 15 ሚሊቮልት። የምታስተያይበት ልክ ከዚህ በአራት እጥፍ ቢሻል ይመረጣል፤ 4 ሚሊቮልት አካባቢ መሆኑ ነው።

ኤዲ584 በደረጃ ይለያያል። ኤል የሚባለው ደረጃ ከፋብሪካ ሲወጣ 10 ቮልቱ እስከ 5 ሚሊቮልት ሊሳሳት ይችላል። ኬ የሚባለው እስከ 10። ጄ ደግሞ እስከ 30፤ ከሜትርህ ስህተት እጥፍ ማለት ነው። በእጅ የተጻፈው 10.003 በየትኛው ሜትር፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ መቼ እንደተለካ ማንም አያውቅም። ሰንሰለት የለውም።

ግን አትጣለው! ለውጥ ለማየት ግሩም ነው። ዛሬ ያነበበውን ጻፍ፤ ከስድስት ወር በኋላ ቢለወጥ ወይ ቦርዱ ወይ ሜትሩ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ለስልክ ጥገና ከዚህ በላይ አትፈልግም። ለሰው ሕይወት ለሚፈረምበት ሥራ ግን አይሆንም።

ለዱከሙ ወንድማችን አንድ ነገር ልጨምር። ያ አሮጌ 34401ኤ ሀብት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ 10 ቮልት ላይ ስህተቱ 0.4 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከ87ቱ 37 ጊዜ ይሻላል። እሱን ብቻ ጥሩ ላብ ላክና በአግባቡ ካሊብሬት አስደርገው። አራቱን 87 ዲሲና ኦህም ላይ እዚያው ቤታችሁ በሱ አስተያዩዋቸው፤ በጽሑፍ። ገንዘብ የሚቆጠበው እንዲህ ነው።

---

ባዮሜድ_ሐዋሳ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

እኔ የሆስፒታል ዕቃ ነው የምጠግነው። ዱከም፣ የሜገሩ ጭንቀትህ በደንብ ገብቶኛል።

እኛ ጋ የኤሌክትሪክ ሴፍቲ አናላይዘር የሚባል ዕቃ አለ። ከሕክምና መሣሪያ ወደ ታካሚው የሚያፈስሰውን ከረንት ይለካል። ልብ ጋ በቀጥታ ለሚገናኝ ክፍል፣ በመደበኛ ሁኔታ፣ በአይኢሲ 60601 (የሕክምና መሣሪያዎች ደህንነት ደረጃ) ወሰኑ 10 ማይክሮአምፔር ነው። በሚሊአምፔር ሲጻፍ 0.01 ነው። አናላይዘሩ በትንሹ ዝቅ አድርጎ ካነበበ አደገኛውን «አለፈ» እላለሁ። ታካሚው ደግሞ ተኝቷል፣ ልቡ ላይ ካቴተር አለ።

የኛ አናላይዘር እንዲስተያይ ወደ ውጭ መላክ አለበት። ሲሄድና ሲመለስ የጉምሩክ ወረቀቱ ብቻውን ሥራ ነው። ለወራት ዕቃ አይኖረንም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። እኔም ከዚህ በፊት ጊዜው ባለፈበት አናላይዘር ሠርቻለሁ። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ለሜገርህ አንድ ቀላል ፍተሻ ልስጥህ። ሜገሩን 500 ቮልት ላይ አድርገህ ገመዶቹን ዲሲ ቮልት ላይ ካለ 87 ጋር አገናኛቸው። 87ቱ የሜገሩን ቮልቴጅ ያነብልሃል። ሜገሩ ደግሞ 10 ሜጋኦህም አካባቢ ማንበብ አለበት፤ ምክንያቱም የ87ቱ መግቢያ 10 ሜጋኦህም ነው። አንዱ ሌላውን ይፈትሻል። ካሊብሬሽን አይደለም፤ ግን የሞተ ሜገርን ያጋልጣል። ከ500 በላይ አትውጣ፤ የ87ቱ ወሰን 1000 ስለሆነ ጥጉ ላይ መጫወት አያስፈልግም።

---

ዱከም_ጥገና | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አሁን ሞከርኩት። 87ቱ 524 ቮልት አነበበ፣ ሜገሩ 10.1 ሜጋኦህም አለ። ትንሽ ተነፈስኩ።

---

ሻርጃ_ኢንስትሩመንት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ስለ አክሪዲቴሽን ሰዎች የሚሳሳቱበትን ልንገራችሁ። ላቡ አክሪዲትድ ነው ማለት ሁሉም ነገር ላይ አክሪዲትድ ነው ማለት አይደለም። ስኮፕ የሚባል ዝርዝር አለው። የቱን መጠን፣ ከስንት እስከ ስንት፣ በስንት አንሰርተንቲ መለካት እንደተፈቀደለት ይጻፋል። እኔ የምሠራበት ቦታ አንድ ላብ ሎጎውን በትልቁ አትሞ ፕሮፎርማ ላከልን። ስኮፑን ስናወጣው ግፊትና ሙቀት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ አንድ መስመር የለም! እኛ የጠየቅነው ኦሲሎስኮፕ ነበር።

አገር ቤት ላላችሁ፦ በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ሲከፈል ሥራውም ተከፈለ። የአገሪቱን ልክ የሚጠብቀው ዛሬ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ላቦችን መርምሮ ዕውቅና የሚሰጠው ደግሞ የኢትዮጵያ አክሪዲቴሽን አገልግሎት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ላቡ «ልኬ ከሥነ ልክ ነው የመጣው» ካለህ፣ የራሱ ካሊብሬተር የተለካበትን ሰርተፍኬት ኮፒ ጠይቀው። «አክሪዲትድ ነኝ» ካለህ ስኮፑን ጠይቀው። ሁለቱም ምስጢር አይደሉም። የሚያኮርፍ ካለ መልሱን ሰጠህ ማለት ነው።

---

ሶላር_ወላይታ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ሁላችሁም የምትሉት ልክ ነው፣ ግን ከትንሽ ሰው ወገን ልናገር። እኔ ሁለት ሠራተኛ ይዤ የሶላር ፓምፕ እተክላለሁ። ሁለት መልቲሜትርና አንድ ክላምፕ አለኝ። ጨረታ ስገባ «የካሊብሬሽን ሰርተፍኬት አያይዝ» ይሉኛል። ማንም ውስጡን አያነበውም። ወረቀቱ አለ ወይስ የለም ነው። ታዲያ አራት እጥፍ የምከፍለው ለማን ነው? ጥፋቱን ርካሽ ላቦች ላይ ብቻ አትጫኑ። ስቲከር የሚጠይቅ ስላለ ነው ስቲከር የሚሸጠው።

---

ባዮሜድ_ሐዋሳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ይህ እውነት ነው። የኛም ኦዲተር የሚያየው ስቲከሩ ላይ ያለውን ቀን ነው። ቀኑም ራሱ ችግር አለው። አንዱ ዕቃችን ላይ «እስከ 12/2017» ይላል። በኛ ነው በፈረንጅ? በኛ ከሆነ ነሐሴ ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ጊዜው ካለፈ ስንት ዓመቱ። ደውለን የለካውን ሰው ጠየቅነው፣ እሱም እርግጠኛ አልነበረም።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ቤንች | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡30

ሶላር_ወላይታ፣ የተናገርከው ከልብ የሚገባ ነው። ስለዚህ ወጪ የሚቀንስበትን ብቻ ልጻፍ።

የምትጠቀምበትን ሬንጅ ብቻ አስለካ። ክላምፕህን ከ50 አምፔር በላይ ካልተጠቀምክበት ላቡ እስከ 50 እንዲለካና ሰርተፍኬቱ ላይ ይህንኑ እንዲጽፍ ንገረው። ነጥብ ሲቀንስ ዋጋም ይቀንሳል። ሁለት መልቲሜትር ካለህ አንዱን ብቻ ላክ፤ ሁለተኛውን «ቮልቴጅ መኖር አለመኖሩን ለማየት ብቻ» ብለህ ምልክት አድርግበትና በመጀመሪያው አስተያየው።

ደግሞ «በየዓመቱ» የሚለው ሕግ አይደለም። አይኤስኦ 17025 የ2017ቱ እትም፣ ላቡ ከደንበኛው ጋር ካልተስማማ በቀር የሚቀጥለውን ቀን ሰርተፍኬትም ስቲከርም ላይ እንዳይመክር ይከለክላል። ጊዜውን የምትወስነው አንተ ነህ፤ ግን በማስረጃ። ሦስት ጊዜ ልከኸው ሦስቴም ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ወደ ሁለት ዓመት ልታራዝመው ትችላለህ። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ቁጥር ያለው ሰው ብቻ ነው። ርካሹ ወረቀት እዚህ ጋ ነው ውድ የሚሆነው፤ ሁልጊዜ ከዜሮ ያስጀምርሃል።

---

የመርካቶ_ሶልደር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡45

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የ87 መመሪያ ላይ የሥራ ከፍታው 2000 ሜትር ነው የሚለው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ ይቀላል። ትልቅ ቮልቴጅ የምትነኩ ሰዎች ሜትሩ ላይ የተጻፈው 1000 ቮልት እዚህ ሙሉ በሙሉ አያገለግልምና ተጠንቀቁ። ካሊብሬሽን ይህን አይነግራችሁም።

---

ዱከም_ጥገና | ከ12 ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡00

ተመልሻለሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያንን ላብ ደወልኩ። የተለካ ቁጥር ላኩልኝ አልኩ። «ለዚያ ተጨማሪ ክፍያ አለው» አሉኝ። ያልተለካ ነገር እንዴት ተጨማሪ ተከፍሎበት ይመጣል? የፊውዙን መዝገብ ላክኩላቸው። እስካሁን መልስ የለም።

ግዢ ክፍል ገብቼ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ለሥራ ኃላፊያችን የተቃጠለውን ፊውዝና ሰርተፍኬቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። የፕሮፎርማ መጠየቂያውን እንደገና ጻፍነው። የተለካ ቁጥር፣ አንሰርተንቲ፣ ዕቃው ሲመጣና ሲወጣ ያለው ንባብ፣ ስኮፑ፣ የላቡ ካሊብሬተር ሰርተፍኬት፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር። እነዚህን ያልሰጠ አይወዳደርም።

የላክነው ሦስት ዕቃ ብቻ ነው፦ 34401ኤ፣ ሜገሩና አንዱ ክላምፕ። ሦስቱ ተደምረው ባለፈው ለስምንቱ ከከፈልነው ትንሽ ነው የበለጡት። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። 34401ኤ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ሜገሩ ደህና ነው፤ ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ክላምፑ ግን 100 አምፔር ላይ 96.2 ነው ያነበበው። ከተፈቀደለት ወጥቷል። ባለፈው ወር በርካሹ ላብ «አልፏል» የተባለው ያው ክላምፕ ነው።

ስለዚህ ከሐሙስ ጀምሮ በዚያ ክላምፕ የተሞሉትን የሞተር ጭነት መዝገቦች እየገለበጥን ነው። እስካሁን ሁለት ሞተር ላይ ኦቨርሎድ ሪሌዩን (ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የሚያጠፋውን) እንደገና አስተካክለናል።

---

ሶላር_ወላይታ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡20

ያንን የፕሮፎርማ መጠየቂያ ብትለጥፍልኝ ደስ ይለኛል። የሚቀጥለው ጨረታ ላይ ራሴ አያይዘዋለሁ፣ ባይጠይቁኝም።

---

ዱከም_ጥገና | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡55

የድርጅቱን ስም አውጥቼ ማታ እለጥፈዋለሁ። ባዮሜድ_ሐዋሳ፣ ለአንቺም አንድ ሐሳብ አለኝ። ሁለተኛውን ክላምፕ በሚቀጥለው ወር ነው የምንልከው። ላቡን ስለ ሴፍቲ አናላይዘር ጠይቄዋለሁ፤ የማይክሮአምፔሩ ሬንጅ ስኮፑ ውስጥ አለ። የጉምሩኩ ጣጣ ቢቀርልሽ ብዬ ነው። ሞዴሉን ጻፊልኝና ነጥቦቹን አብረን እናውጣ፤ 10 ማይክሮአምፔሯን እንዳይዘሉት።